በሦስትና በአምስት መካከል ያለው ቀዳዳ

ታክ ቾልጉ አራት ቁጥርን አይጽፍም፤ አይጠራምም። በአገሩ ቋንቋ አራትና ሞት በአፍ ሲጠሩ አንድ ድምፅ ናቸው። ይህን ብሎ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ነው። ሊፍት ውስጥ እንኳ ከሦስት ቀጥሎ ባለው ቁልፍ ላይ አራት አይጻፍም፤ በእንግሊዝኛ የአራት መጀመሪያ የሆነችው ኤፍ ትጻፋለች። ቾልጉ ግን ከሌላው ይብሳል። ምግብ ቤት ገብቶ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጥ የወንበሩን ቁጥር አይቶ ይመልሳል። የሥራ ቡድኑ አምስት ሰው የሆነው ሱንቦክ እጇ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት አራት ስለነበሩ ነው።

ሱንቦክ ይህን ታውቃለች። «እኔን የቀጠረኝ ሞት ነው» ትላለች ለሰው ስታወራ።

ሥራቸው ቀዳዳ መወተፍ ነው። በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግድግዳዎች ላይ ኬብል የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በሺህ ይቆጠራሉ። አንዱ ክፍል ቢቃጠል እሳቱ በኬብሉ ቀዳዳ ሾልኮ ወደሚቀጥለው መግባት የለበትም። በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ማመንጫውን የሚያጠፋው ገመድ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው ይወተፋል፤ ውታፉም ሦስት ሰዓት ሙሉ እሳት መቻል አለበት። ቾልጉ በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቷል። ከቀለጠ ድንጋይ እንደ ጥጥ የተፈተለውን ንጣፍ በቢላ ይቆርጣል፤ በኬብሎቹ ዙሪያ በጣቱ ይጠቀጥቃል፤ መጨረሻ ላይ ይለስነዋል። ሰባት ንጣፍ፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

ዘንድሮ ግን አዲስ ነገር መጣ። በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ በሚሠራው ማመንጫ ሦስት የኬብል መደርደሪያ በአንድ ላይ የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ ተበጀ። ያን ያህል ስፋት በእጅ ተወትፎ፣ ተፈትኖ አያውቅም። ፈተናውን አልፎ የተፈረመለት ቡድን የሦስት ዓመት ሥራ አለው። ያልተፈረመለት ቀዳዳውን አረፋ ለሚነፋው ማሽን ለቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቾልጉ ሰዎች ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ሁለቱ ከእሱ ጋር አርጅተዋል።

አምስት ቡድኖች ለፈተናው ተመዘገቡ። መፈተሻ ቤቱ አንድ የአርማታ ግድግዳ አቆመላቸው፤ አምስት ቀዳዳ አለው። ማን የትኛውን እንደሚወትፍ በዕጣ ተወሰነ። ቾልጉ ወረቀቷን ገለጠ፣ አየ፣ መልሶ አጠፋት።

«ስንት ደረሰህ?» አለው ፒዮ። ፒዮ የእቶኑ ኃላፊ ነው፤ ሁለቱ ፀጉራቸው ጥቁር ሳለ ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«ከሦስት ቀጥሎ ያለው።»

ሱንቦክ በሳቅ ፈረሰች። «እንኳን ደስ አለህ ጋሼ! ግድ የለም፣ አበባ ይዘን እንመጣለን።»

«ዝም በይ።»

«እንካ ቀለም» አለ ፒዮ። «ከቀዳዳው ጎን ቁጥሩን ጻፍ። ቁጥር ነው እኮ። አይነክስም።»

ቾልጉ ብሩሹን ተቀበለ። ግድግዳው ፊት ጥቂት ቆመ። ከዚያ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም፣ ኤፍ ብሎ ጻፈ።

«ግድግዳውን ሊፍት አደረግኸው!» አለ ፒዮ። ግን ሌላ ቀለም አላመጣም። እሱም ቢሆን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አምስተኛ የሚዘልል ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ፈተናው ከአንድ ወር በኋላ ሆነ። የተፈረመው ወረቀት ለማመንጫው ባለቤት መሥሪያ ቤት የሚገባበት የመጨረሻ ቀንም ያው ነበር። ወረቀቱ የዚያን ቀን ቢሮ ሳይዘጋ ካልደረሰ፣ ውታፉ ቢያልፍም እንዳላለፈ ነው።

ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። ጊል ይባላል። ቀጭን ሰው ነው፤ የራሱን እርሳስ፣ የራሱን ውኃ፣ ወንበር ላይ የሚያነጥፋትን የራሱን ትራስ ይዞ ይመጣል። ለሁሉም እኩል እጅ ነሣና ትራሷን አንጥፎ ተቀመጠ። ቾልጉ ገና ሲያየው ልቡ ደነገጠ። እንዲህ ያለ ሰው አይጮህም፤ አይስቅምም።

ግድግዳው በእቶኑ አፍ ላይ እንደ በር ተገጥሟል። እሳቱ በዚያ በኩል ነው፤ ሰዎቹ በዚህ በኩል። በእያንዳንዱ ውታፍ ላይ ሙቀት የሚለኩ ሽቦዎች ተተክለዋል። ሽቦዎቹን የምትከታተለው ተመራማሪዋ ዶክተር ሶንሄ ናት። በዚህ በኩል ያለው የውታፉ ፊት ሁለት መቶ ዲግሪ ከነካ ወደቀ። ነበልባል ብቅ ካለም ወደቀ።

ፒዮ ጋዙን ለኮሰ። እቶኑ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ አገሳ። ወለሉ በጫማቸው ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ተቀመጥ» አለው ፒዮ ቾልጉን። «ሦስት ሰዓት ነው።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እኔ ሦስት ልጅ ስወልድ ይህን ያህል አልቆምኩም።»

«አንተ መቼ ወለድክ?» አለች ሱንቦክ። «ሚስትህ ስታምጥ አሳ ማጥመድ ሄደህ አልነበር?»

«አንዱን ብቻ ነው። ለዚያውም አሳው ትልቅ ነበር።»

አንድ ሰዓት አለፈ። ዶክተር ሶንሄ ከመለኪያ ሰሌዳዋ ፊት ሆና ቁጥር ትጠራለች። የቾልጉ ውታፍ አርባ አንድ። በሁለተኛው ሰዓት መቶ ስምንት። አንደኛው ቀዳዳ ላይ የሌላ ቡድን ውታፍ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሁለት መቶን አለፈ። የቡድኑ አለቃ ቆቡን አውልቆ ለግድግዳው እጅ ነሣና ወጣ። ማንም አልሳቀም።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ሱንቦክ የቾልጉን ክንድ ያዘች። «ጋሼ፣ ጢስ።»

እውነቷን ነው። ከመካከለኛው መደርደሪያ ሥር ቀጭን ጢስ ይወጣል። ቦታውን ቾልጉ ያውቀዋል። ሁለት ወፍራም ኬብሎች ተጣብቀው የሚያልፉበት ነው፤ ጣት አይገባበትም። እዚያ ጋ በትንሹ ጣቱ ጫፍ ግማሽ ቀን ጠቅጥቋል። ጥፍሩ ተነቅሏል።

«ጥጥ» አለ ጊል ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

ዶክተር ሶንሄ በሽቦ ፍሬም የተያዘውን ደረቅ ጥጥ አመጣች። ጥጡ ጢሱ ፊት ሠላሳ ሴኮንድ ይያዛል። ከተያያዘ ውታፉ ትኩስ ጋዝ አሳልፏል ማለት ነው። እጇን ዘረጋች። ፒዮ ሴኮንድ ይቆጥራል። በሌላ ቀን ቢሆን ቆጠራው አራት ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር፣ ቾልጉን ለማናደድ። ዛሬ ግን እሷን በሹክሹክታ አለፋት።

ጥጡ ቢጫ ሆነ። ጫፉ ቡናማ ሆነ። ሠላሳ።

«አልተያያዘም» አለች ዶክተር ሶንሄ።

ጊል ጻፈ።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ የእሱ ውታፍ መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ ነበር። ፒዮ እሳቱን አጠፋ። ክሬኑ ግድግዳውን አንሥቶ አዞረው። እሳት የበላው ፊት ገና እንደ ፍም ይቀላ ነበር። በዚያ ላይ የእሳት አደጋ ቱቦ ተከፈተበት። ውኃው ሲመታው አዳራሹ በእንፋሎት ተሞላ፤ ሰው ከሰው አይታይም። ይህም የፈተናው ክፍል ነው፤ እሳት የቻለ ውታፍ ውኃውን ካልቻለ ምን ይረባል።

እንፋሎቱ ሲያልፍ ዶክተር ሶንሄ ከኋላ መብራት ያዘች፤ ጊል ከፊት ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ብርሃን አየ፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ላይ አላየም። የቾልጉ ላይ ዓይኑን አቅርቦ ብዙ ቆየ።

«ብርሃን የለም» አለ።

ሱንቦክ አጨበጨበች። ፒዮ የቾልጉን ጀርባ ደበደበው። ቾልጉ ጓንቱን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት፤ ከጓንቱ እድፍ ፊቱ ጠቆረ።

ጊል ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ወረቀቶቹን ደረደረ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ችግር አለ» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ተጠጉ።

«የቀዳዳዎቹ ዝርዝር ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ይላል። ግድግዳው ላይ አራት የለም።»

«ኤፍ ነዋ!» አለች ሱንቦክ። «ኤፍ ማለት አራት ነው። እርስዎ ሊፍት አይሳፈሩም?»

«እሳፈራለሁ። ግን በዚህ ቅጽ ላይ ኤፍ የሚጻፈው ለወደቀ ነው። እዩት፤ እዚህ ታች ተብራርቷል። ዶክተር ሶንሄ ግድግዳው ላይ ያየችውን ጻፈች። ስለዚህ ወረቀቱ ሲነበብ፣ አራተኛው አልተፈተነም፤ ሌላ ደግሞ ስም የሌለው አንድ ነገር ወድቋል።»

ዶክተር ሶንሄ ጆሮዋ ቀላ። «እንዳየሁት ነው የጻፍኩት።»

«ትክክል አድርገሻል» አለ ጊል።

«እንግዲያው በሦስትና በአምስት መካከል ያለው ምንድን ነው? የእኔ አያት?» አለች ሱንቦክ።

«እመቤት፣ እኔስ ይገባኛል። ወረቀቱ ግን አይገባውም። ማመንጫው ስልሳ ዓመት ይሠራል። ያኔ ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው እኔንም እርስዎንም ጠርቶ አይጠይቅም። አሁን ተነሥታችሁ ግድግዳው ላይ አራት ብትጽፉም አይሆንም፤ ከእሳቱ በኋላ የተጻፈ ነው። ኤፍ ማለት አራት መሆኑን የሚያሳይ፣ ከእሳቱ በፊት የተጻፈ ነገር አምጡልኝ። እፈርማለሁ።»

ፒዮ ወደ ቾልጉ ዞረ። ዓይኑ «ቁጥር ነው እኮ ብዬህ ነበር» ይላል፤ አፉ ግን አላለውም። ቾልጉን ይህ ከስድብ በላይ ተሰማው። ሠላሳ አንድ ዓመት። እሳቱ ያልጣለውን አንዲት ፊደል ልትጥለው ነው። ለሰዎቹ ምን ይላቸዋል? ሥራችሁን ያጣችሁት እኔ መቁጠር ስለፈራሁ ነው ይበላቸው?

ወለሉን እያየ ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሲያስበው አፈረ። ግን ሌላ አልነበረውም።

«ይቆረጥ» አለ።

«ምኑ?» አለ ፒዮ።

«ውታፉ። ከዳር እስከ ዳር ይሰንጠቅ። ውስጡ ጽሕፈት አለ።»

ሱንቦክ ቶሎ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ጋሼ፣ ተው። ውስጡ ቢላ የምታስገባ ክፍተት ብትገኝ ይጥለዋል። ያለፈውን በገዛ እጅህ ትገድለዋለህ። እዚያ ሁለቱ ኬብሎች ጋ ምን እንዳለ አንተም አላየኸው።»

እውነቷን ነበር። ቾልጉ ስንቱን ሺህ ቀዳዳ ወትፎ ከወተፈው ውስጥ አንዱ እንኳ ሲከፈት አይቶ አያውቅም። ውታፍ ተወትፎ ይቀራል እንጂ ማን ይከፍተዋል?

«የሠራሁትን አውቃለሁ» አለ። ሲለው ግን ድምፁ ቀጥኖበት ነበር።

ጊል ከቦርሳው ረጅም ቀጭን ቢላ አወጣ። ይህንንም የራሱን ነው ይዞ የመጣው።

«ውታፍ ነቃይ!» አለች ሱንቦክ በጥርሷ ውስጥ።

«ሰማሁ» አለ ጊል ሳይዞር። «ዛሬ እንኳ ስድብ አይደለም፤ ሥራዬ ነው።»

ፒዮ በመጋዝ ኬብሎቹን ቆረጠ፤ ጊል በቢላው ልስኑን ከፈተ። ንጣፎቹ በጎን በኩል አንድ በአንድ ታዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ እሳቱ በኩል ያሉት፣ ቀልጠው እንደ ጠርሙስ ሆነዋል። ጊል ቢላውን በንጣፎቹ መካከል ለማስገባት ሞከረ። አልገባለትም። ወደ መካከለኛው መደርደሪያ ሄደ፤ ሁለቱ ወፍራም ኬብሎች ተጣብቀው ወደሚያልፉበት። ጫፉን ገፋ። ገፋ። ቢላው ተለመጠ። ሱንቦክ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ክፍተት የለም» አለ ጊል። ቢላውን አይቶ በጣቱ አቃናው። «ጽሕፈቱ የታል?»

ቾልጉ ጠጋ ብሎ የንጣፎቹን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጠረገ። በአናጢ እርሳስ የተጻፈ ነው። ሲጠቀጥቅ አንዱን ንጣፍ እንዳይዘል ሁሉንም በተራ ይቆጥራቸዋል፤ ይህ ልማዱ ነው፣ ማንም አያይበትም ብሎ። የቀለጡት ሁለቱ ላይ የተረፈ ነገር የለም። ሦስተኛው ላይ ጥላ የመሰለች ሦስት ትታያለች። ከዚያ ኤፍ። ከዚያ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

ጊል እያንዳንዷን በእርሳሱ እየነካ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ቆጥሮ እንደገና ቆጠረ።

«ኤፍ» አለ።

«አዎ።»

«ጨለማ ውስጥ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ ማንም በማያይበት።»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ፒዮ መጀመሪያ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ ነበር። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «በአገሩ ባሉት ማመንጫዎች ሁሉ ውስጥ! ስንት ሺህ ኤፍ ተቀብሯል!» ዶክተር ሶንሄም ፊቷን በወረቀቱ ሸፍና ትንቀጠቀጥ ነበር። ቾልጉ ራሱም ሳያስበው ሳቅ አመለጠው።

ጊል አልሳቀም። የንጣፎቹን ፎቶ አነሣ፤ አዲስ ወረቀት ከቦርሳው አወጣ፤ እርሳሱን ሳይሆን ብዕር ለቾልጉ ዘረጋለት።

«አሁን ማብራሪያ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃል። በእኔ አሠራር ኤፍ ማለት አራት ነው። ከዚያ ስምዎን። አራትን በቁጥር ይጻፉ፤ ቅጹ በፊደል አይቀበልም።»

«እኔ ልጻፍለት?» አለች ሱንቦክ።

«የወተፈው ሰው ይጻፍ።»

ቾልጉ ብዕሩን ያዘ። «በእኔ አሠራር ኤፍ ማለት» ድረስ ፈጠነ። እዚያ ጋ ቆመ። ላቡ በግንባሩ ወረደ፤ እቶኑ ከጠፋ ግን ቆይቷል። ሁለት ወፍራም ኬብሎች መሃል ትንሹን ጣቱን እንደሚያስገባ ሰው ከንፈሩን ነከሰ፤ ጻፈ። የተገለበጠ ወንበር የምትመስል ጠማማ 4 ወጣች። ስሙን ከሥሯ አስቀመጠ፤ ብዕሩንም ጣለ።

ፒዮ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው። «አለህ?»

«አለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሂድ ከዚህ።»

ጊል ወረቀቱን ወደራሱ ሳበ። ፊርማው ሥር ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ቀኑን ጻፈ። ሰዓቱን ሊጽፍ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ወዳለው ቀይ የቁጥር ሰዓት ቀና አለ። በአገሩ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 4፡44 ይላል።

ብዕሩ አየር ላይ ቆመ። ሁሉም ሰዓቱን አዩ፤ ከዚያ ጊልን አዩ። ቢሮው ሊዘጋ አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። ዶክተር ሶንሄ የምትልክበትን ማሽን ከፍታ ትጠብቃለች።

ጊል ብዕሩን ቀስ ብሎ ከደነ።

«ውኃ ልጠጣ» አለ።

ከቦርሳው ጠርሙሱን አወጣ። ክዳኑን ፈታ። ተጎነጨ፤ ጉንጩ ውስጥ አቆየው፤ ዋጠ። እንደገና ተጎነጨ። ክዳኑን መለሰ፤ ጠርሙሱን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡን በአራት ሊያጥፍ ጀመረና ትቶ እንዳለ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቀይዋ ቁጥር ተለወጠች። 4፡45።

ፈረመ። ሰዓቱንም ጻፈ።

ሱንቦክ ሳቋ እንዳያመልጣት ጓንቷን ነክሳ ነበር። ዶክተር ሶንሄ ወረቀቱን ላከች፤ ከወዲያ በኩል «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ጊል ትራሱን አንሥቶ ለሁሉም እኩል እጅ ነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ቾልጉ ዞረ።

«መካከለኛው መደርደሪያ ጋ ያለው ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «ሊፍት ውስጥ እንገናኛለን።»

እሱ ከወጣ በኋላ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ከመፈተሻ ቤቱ ማዶ ባለው የአሳማ ሥጋ ሾርባ ቤት ተሰበሰቡ። የቾልጉ ሰዎች ሁሉ መጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ገና ከበሩ «ባሕሩ ይበርዳል፣ ወፍራም ካልሲ ግዙልን» እያሉ ገቡ። ፒዮ አብሯቸው ነበር፤ ዶክተር ሶንሄም ነበረች። የቤቱ ባለቤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«ሰው በዝቷል ጋሼ። ባዶ የቀሩት አራተኛውና አምስተኛው ጠረጴዛ ናቸው። ሰፊው አራተኛው ነው።»

ሁሉም ቾልጉን አዩት። ፒዮ ለአራተኛው ጠረጴዛ ወንበር ሳበለትና በእጁ ጋበዘው። «በል፤ ዛሬ እኮ በእጅህ ጽፈሃታል። ጓደኛሞች ናችሁ።»

ቾልጉ ጠረጴዛውን አየ። ወንበሩን አየ። ከዚያ ወደ ጠባቡ ሄዶ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

«በቀን አንዴ ይበቃል» አለ። «ጠጋ ጠጋ በሉ።»